ላምባ የሸተተው ድርቆሽ

ላምባ በሸተተኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ፋኖስ አይደለም፤ ድርቆሽ ነው። ትስቁ ይሆናል። አሁንም ጎረቤቴ ምድጃዋን ስትሞላ ሽታው በመስኮት ከገባ ሥራዬን አቁሜ ፈገግ እላለሁ።

ያን ዓመት በሐረር ዙሪያ ዝናብ ጠፋ። ቤታችን አቦከር ነበር፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ እናቴ የምታሳድገን በአንዲት ላም ወተት ነው። ላሚቱ ከወለደች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። ድርቆሽ በአህያ የሚያመጡልን የድሬ ጠያራ ሽማግሌ፣ የስንት ዓመት ደንበኛችን፣ ባዶ እጃቸውን መጡና «ዋላሂ፣ ዘንድሮ ሣር የለም» አሉን።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እጠብቅ ነበር፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። «ጨርጨር ሄጄ ገዝቼ እመጣለሁ» አልኩ። እናቴም ያላትን ሁሉ ሰጥታ ላከችኝ። እዚያም ሽማግሌው እንዳስተማሩኝ ክንዴን እስከ ክርኔ በየእስሩ መሀል አስገባሁ፤ ውስጡ የሚሞቅ ድርቆሽ ሻግቷልና። ያገኘሁት ቀዝቃዛና አረንጓዴነቱ ያልለቀቀ ነበርና በኪራይ የጭነት መኪና አስጫንኩት። በየኬላው ወታደሮች መሣሪያ ተደብቆበት እንደሆነ ብለው ጭነቱን በብረት ዘንግ እየወጉ አሳለፉን፤ እኔም ከሹፌሩ ጎን እንደ ሹም ተኮፍሼ ሐረር ገባሁ።

ላሚቱ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ሌላ እስር ፈታን፤ እሱንም እምቢ አለች። ያን ሁሉ እስር የመረመርኩት ሰውዬ የመኪናውን ወለል አላሸተትኩም። ለካ በዋዜማው የጫነው የላምባ በርሜል ኖሯል። በማግስቱ ወተቱ በግማሽ ቀነሰ። እናቴ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የጥጃውን ጀርባ ታሻሻለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌው ወሬውን ሰምተው መጡ። ከድርቆሹ ቆንጥረው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ሳቁ።

«አቦ፣ ልጄ፣ ይሄ ለላም ነው ለፋኖስ?»

«አጠፋሁ፣ አባባ። ምን ላድርግ?»

«ከታች የነበረውን ጣለው። ሌላውን ለፀሐይና ለነፋስ ስጠው፣ አገላብጠው። ኢንሻአላህ ሽታው ይለቃል።»

«እስከዚያስ ምን ትብላ?» አለች እናቴ።

ተነሥተው ወጡ። ከሰዓት በኋላ አህያቸው የማሽላ አገዳ ተጭና መጣች።

ድርቆሹን በጀጎል ግንብ ጥግ ዘርግቼ ሳምንት ሙሉ ሳገላብጥ ከረምኩ። የሠፈሩ ሕፃናት ይንከባለሉበታል፤ ሽማግሌው በየቀኑ አገዳ ያመጣሉ። በስምንተኛው ቀን ላሚቱ አንድ አፍ ወሰደች፣ አላመጠች፣ ደገመች። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ወተቱ ሲመለስ እናቴ ሁለት ጠርሙስ አስይዛ ወደ ሽማግሌው ቤት ላከችኝ። ግቢያቸው ውስጥ የእርሻ በሬያቸው ማሰሪያ ችካል ብቻውን ቆሟል፤ ገመዱ ተጠቅልሎ ተሰቅሎበታል።

«በሬውስ፣ አባባ?»

«ሸጥኩት። አገዳ ከሌለ በሬው ምን ይበላል?» አሉ፣ ስለ ሌላ ሰው በሬ እንደሚያወሩ።

የማንን ቀለብ ለላማችን ስናበላ እንደከረምን ያኔ ገባኝ። ያን ቀን ያልወጣልኝን ምስጋና እስከ ዛሬ ለብቻዬ እደጋግመዋለሁ። እሳቸው ግን ወተቱን በኩባያ ቀድተው «ቢስሚላህ» ብለው ጠጡ። ከንፈራቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና «አልሐምዱሊላህ፣ ላማችሁ ድናለች» አሉኝ።