ላቪንግተን የገዛነው ቤት

የላምባ ምድጃ እፍ ተብሎ ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ ቤቱን የሚሞላው ሽታ አለ። በቅርቡ ለሥራ ጉዳይ አንዲት ሴትዮ ቤት ገብቼ ይኼው ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ፣ የጀመርኩትን ወሬ አቋረጥኩ፣ ሴትዮዋም ሽታው ያስቸገረኝ መስሏት መስኮት ልትከፍት ተነሣች። እኔ ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር፣ እናቴ ቡታጋዙን ሸጣ በላምባ የምታበስልበት ጠባብ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ዩኒፎርሜም ፀጉሬም ላምባ ላምባ ስለሚሸት ክፍል ውስጥ ከሰው ራቅ ብዬ እቀመጥ ነበር። በልጅነቴ ብዙ የማያሳፍር ነገር አሳፍሮኛል። በእውነት ሊያሳፍረኝ የሚገባው ግን አንድ ነገር ነው፣ እሱንም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

አባቴ ዘሪሁን ኢስሊ በሚባለው የነጋዴ ሰፈር ውስጥ አነስተኛ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው፣ ከሌሎች የሐበሻ ነጋዴዎች ጋርም ወርኃዊ ዕቁብ ይጥል ነበር። ፀሐዩ በሚበረታበት በየካቲት ዕጣው ገና በጊዜ ወጣለት፣ የሁሉንም መዋጮ ተቀብሎ ዕቃ አዘዘ፣ ዕቃውም ሞምባሳ ወደብ ላይ በወረቀት ጉድለት ተይዞ፣ የመጋዘን ኪራዩ ቀን በቀን እየቆጠረ ከዕቃው ዋጋ በለጠና አባቴ ባዶ እጁን ተመለሰ። በዕቁብ ደግሞ ቀድሞ የበላ ሰው እስከ መጨረሻው መጣል አለበት፤ ካቃተው ዋሱ ይጥልለታል። የአባቴ ዋስ ጋሽ አሰፋ የሚባሉ፣ ከእሱ በዕድሜ ትንሽ የሚበልጡ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸው ሳሮን የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበረች። የዕቁቡ ዳኛ አባላቱን ሰብስበው፣ አባቴ በየወሩ የቻለውን እንዲከፍል፣ የጎደለውን ለጊዜው ጋሽ አሰፋ እንዲሸፍኑ፣ ሁለት ዓመትም እንዲሰጠው ተስማሙ። ሰዎቹ እስከዚህ ድረስ ደግ ነበሩ።

ትልቁ ዝናብ ሲገባ እናቴ ቤቱን እንደ ልብስ ማጥበብ ጀመረች። አንድ ነገር ለማስቀረት ስትወስን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ይኼ ደግሞ ምን ይሠራልናል?» ትል ነበር፣ ያ ነገርም በነጋታው አይገኝም። ቴሌቪዥኑ እንዲህ ሄደ፣ ቡታጋዙም ተከተለው፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ የምንተኛበት ክፍል ለሁለት ተማሪዎች ተከራየና እኛ ሳሎን ፍራሽ ላይ ወረድን። ዘይት በጠርሙስ መግዛት ቀርቶ ከሰፈሩ ኪዮስክ በትንሽ ስኒ እየተሰፈረ ይመጣ ነበር፤ እንጀራ ለእሑድ ተቀመጠ፣ በሌላው ቀን ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ሱኩማ በሚሉት ጎመን እንበላለን፣ ወንድሜ ጎመኑን በየቀኑ ሲያይ ሲያለቅስ አባቴ የእሱን ድርሻ እየቀማ በመብላት ያስቀው ነበር። ፍሪጁን ገዢ ስላጣንለት እናቴ ከሶኬት ነቅላ ቁምሳጥን አደረገችው። አባቴ ሱቁን ዘግቶ ሌላ ሰው ሱቅ ተቀጠረ፣ ማታቱ ለሚሉት ታክሲ እንዳይከፍልም እስከ ከተማ በእግሩ እየሄደ ጫማው በጭቃ ተለውሶ ይገባ ነበር። እኔም ከግል ትምህርት ቤት ወጥቼ በነፃ ወደሚያስተምረው የመንግሥት ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። እናትና አባቴ በዚህ ሁሉ ሲያፍሩ አላየሁም፤ የሁለቱን ድርሻ ጨምሬ የማፍረው እኔ ነበርኩ።

የናይሮቢ ብርድ የሚጠነክረው በሐምሌ ነው። ከሐምሌ እሑዶች በአንዱ ከሰንበት ትምህርት ቤት ስንወጣ፣ ሳሮን ሦስት ልጆች አጠገባችን ቆመው ሳለ አንድ ትልቅ ፌስታል ዘረጋችልኝ።

«ማሚ ነው የላከችልሽ። ሹዝ አለው፣ ስዌተርም አለው፤ ለእኔ ጠቦኝ ነው እንጂ ናይስ ነው» አለችኝ፣ ያለ ምንም ክፋት።

ስዌተሩ ከፌስታሉ አፍ ብቅ ብሎ ይታየኝ ነበር፣ ሰማያዊ ነው። ብርድ ክንዴን ውርር እያደረገው፣ ልጆቹም እያዩኝ፣ አፌ ያለ እኔ ፈቃድ ተከፈተ።

«አንፈልግም። ዳዲ ላቪንግተን ቤት እየገዛ ነው። ሴቭ እያደረግን ስለሆነ እኮ ነው ቲቪውን የሸጥነው።»

«ዋቻ! ተይ እንጂ! ሲሪየስ ነሽ?»

«ሲሪየስ። መኪናም እንገዛለን። ግን ለማንም እንዳትነግሪ።»

ድሮ የግል ትምህርት ቤቴ ቫን በሀብታሞቹ ሰፈር በላቪንግተን በኩል ሲያልፍ ከአጥሮቹ በላይ ቀይ የሸክላ ጣሪያዎች አይ ነበርና፣ ከእነሱ አንዱን መርጬ፣ ዥዋዥዌ ጨምሬ፣ ለወንድሜ ለብቻው ክፍል ሰጥቼ ነገርኳቸው። ወደ ቤት ስመለስ እጄን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ፣ ብርዱን እንኳ ረስቼ፣ ደስ ብሎኝ ነበር የምራመደው። ውሸቴ የተዋጣለት ነበር፤ የቤታችንን ችግር ሁሉ አንድ በአንድ ያብራራል። አባቴን ሊያጠፋው የደረሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም መካከል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ አሰፋ መጡ። እናቴ ያቀረበችላቸውን ሻይ ሳይነኩ ተቀመጡ።

«ዘሪሁን፣ ያንተን የምሸፍነው የልጆቼን ስኩል ፊስ እያዘገየሁ ነው። ገንዘብ ካለህ ንገረኝ፤ አልቀየምህም።»

«የምን ገንዘብ ነው ጋሼ?»

«የላቪንግተኑ ቤት።»

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። ከልቡ ነበር የሳቀው፣ እኔም ከበሩ ጥግ ቆሜ ያን ሳቁን ከብዙ ወራት በኋላ ሰማሁት። እናቴ ግን አልሳቀችም። ተነሥታ ኩሽና ገባችና «ጋሽ አሰፋ፣ እስቲ ይምጡ፣ ይዩልኝ» ብላ ፍሪጁን ከፈተችው፤ የወንድሜ የታጠፉ ሱሪዎች፣ የእኔ ደብተሮች፣ አንድ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ነበረበት። ጋሽ አሰፋ አይተው አንገታቸውን ደፉ።

«እኔ አምናለሁ እህቴ። ሌሎቹ ግን ሰምተዋል። ገንዘብ ደብቆ ነው ድሃ የሚመስለው እያሉ፣ ጊዜ መስጠቱ ቀርቶ ሁሉንም ባንዴ ይክፈል ብለዋል።»

ሁሉንም ባንዴ መክፈል ማለት ከዚያች ቤትም መውጣት ማለት እንደሆነ ለእኔም ገብቶኝ ነበር።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?» አለ አባቴ።

ጋሽ አሰፋ ወደ እኔ ላለማየት እየታገሉ «ሳሮን ከዚህችው ልጅ ሰማሁ ትላለች» አሉ።

አባቴ ጠራኝ። አልተቆጣም፤ እጄን ይዞ «እንዲህ ብለሻል የኔ ልጅ?» ብሎ ጠየቀኝ። መዳፉ ይሞቅ ነበር። «አላልኩም» አልኩ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። «ሰሙ ጋሼ? ልጄ ውሸት አታውቅም» አለ፣ ራሴንም ዳበሰኝ።

አባቴ የማይምል ሰው ነበር። እናቴ ከጎመን ሻጮች ጋር ስትከራከር «በማርያም!» ካለች እንኳ መንገድ ላይ ይገሥጻት ነበር። አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከቅዳሴ በኋላ የዕቁቡ አባላት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው አዳራሽ ተሰበሰቡ፣ ዳኛውም፣ ዘሪሁን ከማለ ስምምነቱ ይጸናል፣ ካልማለ ይፈርሳል አሉ። እኛ ልጆች በተከፈተው በር በኩል እናይ ነበር። አባቴ ጫማውን አወለቀ። ቄሱ እያመነቱ ወንጌሉን ያዙለት፣ እሱም እጁን አኖረበት።

«የደበቅኩት ገንዘብ የለኝም» አለ፣ ማለም።

«ይበቃል» አሉ ዳኛው።

አባቴ ግን እጁን አላነሣም። «ልጄም አላለችም። እሱንም እምላለሁ» አለ።

ይኼን ማንም አልጠየቀውም ነበር። ለገንዘቡም አያስፈልገውም ነበር። ለእኔ ብሎ ነው ያደረገው፣ ስሜ በሰው አፍ እንዳይቀር። ያኔ ሮጬ ገብቼ «ብያለሁ» ማለት እችል ነበር፣ በሩ ክፍት ነው፣ ከአሥር እርምጃ አይበልጥም። ጋሽ አሰፋ ወጥተው ሳሮንን በክንዷ ይዘው አስገቧትና አባቴን ይቅርታ እንድትጠይቅ አዘዟት፤ እሷም እያነባች ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች፣ አባቴም አንሥቶ ግንባሯን ሳማት። ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች። አላየችኝም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አይታኛለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተቃና። የተጠራጠሩት ሰዎች ተጸጽተው ለአዲስ ዓመት አንዱ ጤፍ፣ አንዱ በርበሬ፣ አንዱ ለወንድሜ ጫማ ይዘው መጡ። ከሰዎቹ አንዱ ለአባቴ የተሻለ ደመወዝ ሰጥቶ ሱቁን እንዲቆጣጠርለት አደረገው። የሳሮን እናት ያንኑ ፌስታል በእናቴ በኩል ላኩት፤ በጥቅምት ትንሹ ዝናብ ሲጀምር ሰማያዊውን ስዌተር ለበስኩት፣ በጣም ይሞቅ ነበር። ሳሮን አብራኝ መቀመጥ አቆመች፣ እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፤ በሦስተኛው ዓመት ቤተሰቧ ከኬንያ ወደ ሌላ አገር ሄደ። አባቴ የመጨረሻውን ክፍያ ከተባለው ጊዜ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ጨረሰ፣ በዚያ ቀን እናቴ ልብሶቹን አውጥታ፣ ፍሪጁን አጥባ ሶኬት ላይ ሰካችው፣ ድምፁን ሲያሰማ ሁለቱም ልጅ ሆነው ሲስቁ ትዝ ይለኛል። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ እነሱም ከደስታ ብዛት መሰላቸው።

ዛሬ ዕዳ የለብንም። እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፣ አባቴ ከእኔ ጋር ይኖራል፣ ጉልበቱ ደክሟል፣ ማስታወሱ ግን እንደ ጥንቱ ነው። ልጆቼ ተጣልተው አንዳቸው ለመማል ሲቃጣው ዱላውን መሬት መታ መታ አድርጎ ያስቆማቸዋል፣ ቀጥሎም በደስታ ያንን ቀን ያወራላቸዋል። «በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው የማልኩት። እሱም ለእናታችሁ ነው፤ እውነተኛ ልጅ ስለነበረች» ይላቸዋል። ልጆቼም ዞር ብለው ያዩኛል፣ በኩራት። ያኔ ዝም ያልኩት ቁጣውን ፈርቼ ነው ብዬ ራሴን አጽናና ነበር፤ አሁን እንደማይቆጣ አውቃለሁ፣ ዱላውም መደገፊያ እንጂ ማስፈራሪያ አይደለም፣ እኔም ልጅ አይደለሁም። ተረቱን ሲጨርስ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል።

«አይደለም እንዴ የኔ ልጅ?» ይለኛል።

«ነው አባዬ» እለዋለሁ።