ከጨው ረግረጉ የታጨደ ቄጠማ

ልጃችን ዲኬተር ከተማ የነበራትን የቢሮ ሥራ ትታ ከባሕሩ ዳርቻ ሣር ልትተክል የሄደች ጊዜ አባቷ አኮረፈ። "ያቺ ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ጭቃ ልታቦካ ነው?" ይለኛል። ስትደውል ስልኩን አይቀበለኝም፤ ከአጠገቤ ግን አይርቅም። በሁለቱ መካከል መልእክተኛ ሆኜ ከረምኩ፤ አንገሸገሸኝ።

ለፋሲካ "እንሂድላት" ብዬ ድርቅ አልኩ። በዋዜማው፣ በቅዳም ሹር፣ ገና ሳይነጋ አትላንታ ዳር ካለው ቤታችን፣ ከክላርክስተን ወጣን። ከአትላንታ እስከ ባሕሩ መንገዱ ረጅም ነው። ሳንቀላፋ ስነቃ፣ ጥዱ ወደ ኋላ ሲፈስ የማየው በሕልሜ ይሁን በውኔ አላውቅም ነበር። በመጨረሻ ዓይኔን ስገልጥ ሰማዩ ዝቅ ብሏል፤ አየሩ ጨው ጨው ይላል።

ልጄ በጭቃ ቦቲዋ ተቀበለችንና ረግረጉን አሳየችን። የባሕር ውሃ እየገባ እየወጣ የሚያጥበው አረንጓዴ ሜዳ ነው፤ ጫፉ ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል።

"ሣሩ አፈሩን ሆልድ ያደርገዋል" አለችኝ። "ስቶርም ሲመጣ ማዕበሉን ይሰብረዋል። እሱ ከሞተ ወፉም ክራቡም ይሄዳል።"

ውሃው ድምፅ ሳያሰማ በሣሩ መሐል ሲገባ እያየሁ ፈዝዤ ቀረሁ። ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አባቷ "ዞር ዞር ልበል" ብሎኝ ሄደ።

ቤቷ ገብተን ሽንኩርት ስንከትፍ በሩ ተከፈተ። አባቷ ነው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ እቅፉ ሙሉ ለምለም ሣር።

"በዛሬ ቀን ቄጠማ ያልተጎዘጎዘበት ቤት ምን ቤት ነው?" አለ። ከስንት ወር በኋላ እሷን እያየ መናገሩ ነበር። "እንኪ ልጄ፣ ጎዝጉዢው።"

ሣሩን ተቀበለችው። አንዱን ዘለላ በጣቷ ዳሰሰችና ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ ተንበርክካ ከበሩ ጀምሮ ጎዘጎዘችው። እሱም አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ያግዛት ገባ፤ ስለ ውሃው፣ ስለ ወፎቹ ይጠይቃታል።

ጨርሳ ስትነሣ፣ ፊቷን አይቼ ነበርና ኩሽና ተከትያት ገባሁ።

"አንቺ የተከልሽው ነው?"

"የአምናው ነው። ሰርቫይቭ ያደረገልን እሱ ብቻ ነበር።"

ደሜ ፈላ። "ቆይ፣ ልንገረው!"

ክንዴን ያዘችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ማሚ፣ ፕሊስ። አናገረኝ እኮ።"