የጋሽ እንግዳው ብቸኛ ፎቶ

ፋና ዳንግላ ላይ ክርና ቁልፍ ትሸጣለች። ሱቋ ጠባብ ከመሆኗ የተነሳ ደንበኛ ሲበዛ ባለቤቷ ራሷ ውጭ ትቆማለች። ሌላው ሰው ትንሽ ሲተርፈው ወርቅ ይገዛል፤ የሷ ደስታ ግን እህቷ ከአዲስ አበባ ያመጣችላትን፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ካሜራ ይዞ መዞር ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሚኒባስ ትሳፈራለች። ጫግኒ ወርዳ ማንጎ የተከመረበትን ገበያ፣ ጥሊሊ ወጥታ ጭጋግ ውስጥ ጆሮው ብቻ የሚታይ አህያ፣ ባጃጁ ውስጥ እግሩን አውጥቶ የተኛ ሾፌር፣ አጥር ላይ የተሰጣ የሕፃን ልብስ ታነሳለች። “ምን ያደርግልሻል?” ሲሏት “ደስ ይለኛላ” ነው መልሷ። ሌላ ምክንያት የላትም፤ ሊኖራትም አይገባም። ሰው ደስ ላለው ነገር ማስረጃ ሊጠየቅ ነው እንዴ!

ዘንገና ሐይቅ አጠገብ አረፍ የምትልበት ቤት ነበራት፤ የጋሽ እንግዳውና የእትዬ ሸጋ ቤት። ድንችና ገብስ የሚያመርቱ ባልና ሚስት ናቸው፤ ውሃ ልትለምን ገብታ ነው የተዋወቀቻቸው። ጋሽ እንግዳው መታወቂያቸው ላይ ካለችው፣ በላብ ብዛት ከጠፋችው ጉርድ በቀር ፎቶ ተነስተው አያውቁም። አንድ ቀን ፋና “ላንሳዎት” ስትላቸው እሺ አሉ፤ ባዶ እጄን ግን አልነሳም አሉ። በዚያ አገር የደንቡ የወንድ ልጅ ፎቶ ወይ ከነፈረሱ ነው ወይ ከነጠመንጃው። ፈረሳቸው ያን ሰሞን ያነክስ ነበር፤ ጠመንጃ ደግሞ የላቸውም። ስለዚህ ከጎረቤት ጥይት የሌለው አሮጌ ጠመንጃ ተዋሱ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ተገትረው ቆሙ። ፋናም አነሳቻቸው። ያኔ ምን ታውቃለች?

ጋሽ እንግዳው በሳንባ ሕመም ሞቱ። ለቅሶው ላይ ፎቶ ያለው ቤት የሟቹን ፎቶ ከፍ አድርጎ ይዞ ያለቅሳል፤ እትዬ ሸጋ ግን የባላቸውን ኮት ብቻ አቅፈው አለቀሱ። ይሄ ነገር እንደ እሾህ ተሰክቶባቸው ቀረ። የባላቸው አርባ ሲቃረብ “አደራሽን ፋንዬ፣ ፊቱን አምጭልኝ” ብለው ላኩባት። ዳንግላ መብራት ጠፍቶ ፎቶ ቤቱ ተዘግቷል። ፋና እንጅባራ አሳጥባ ልትወስድላቸው ካሜራዋን ቀሚሷ ኪስ ከታ ተሳፈረች።

አዲስ ቅዳምን እንዳለፉ ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። “ፍተሻ አለ” አለ ረዳቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ተሳፋሪው ሁሉ መታወቂያውን ማውጣት ጀመረ። ከፋና አጠገብ የተቀመጡት ሴትዮ ለራሳቸው የሚያወሩ መስለው፣ “ሰሞኑን ደግሞ ፎቶ ነው የሚያዩ አሉ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ፎቶ የተገኘበትን ልጅ አስወርደው አስቀሩት” አሉ።

ፋና ክው አለች። ኪሷ ውስጥ ያለችውን ካሜራ በእጇ ሸፈነች። ሰውየው ገበሬ ናቸው፣ ጠመንጃው የውሰት ነው፣ እሳቸውም ሞተዋል ብትል ማን ይሰማታል? ሚሞሪውን አውጥታ ፀጉሯ ውስጥ ልትደብቀው አሰበች። ተደብቆ ቢገኝስ? የባሰ ነው። ከፊት የቆሙት መኪኖች ተራ በተራ ሲያልፉ ፍተሻው እየቀረበ መጣ።

ካሜራዋን ነጠላዋ ሥር አድርጋ ከፈተችና ፎቶዎቹን ወደ ኋላ መለሰች። ማንጎው መጣ፤ አህያው መጣ፤ የሕፃኑ ልብስ መጣ። ስንቴ የሳቀችላቸው ነገሮች ዛሬ መንገድ የሚዘጉባት መሰሏት። በመጨረሻ ጠመንጃው ብቅ አለ። ማጥፊያውን ስትነካው ካሜራዋ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ፋና እርግጠኛ አልነበረችም። ኮት አቅፈው ያለቀሱት እትዬ ሸጋ ትዝ አሏትና ጣቷ ቆመ። በዚህ መሃል የሚኒባሱ በር ከውጭ ተከፈተ። ተጫነችው።

ሁሉም ወረዱ። ፊቱ በድካም የገረጣ ወጣት ፈታሽ ካሜራዋን አገላብጦ አያት።

“የማን ናት?”

“የኔ።”

“ስልክ እያለ?” አለና መለሰላት። ከፍቶ እንኳ አላያትም።

ፋና ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች። አለፈ ስትል ነው ፍርሃቱ የባሰባት። እንጅባራ ደርሳም ፎቶ ቤቱን ዞራ አላየችውም፤ ምን ልታሳጥብ? ቀጥታ ዘንገና ሄደች።

እትዬ ሸጋ ደጃፉ ላይ ጠበቋት። ፎቶውን ለመቀበል እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ።

“እትዬ ሸጋ፣ አጠፋሁት” አለች ፋና። “ፍተሻ ነበር። ጠመንጃውን ፈራሁ።”

እትዬ ሸጋ የተዘረጋ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። “ደግ አደረግሽ” አሉ። “ለሞተ ሰው ብለሽ አንቺ ትጥፊ? ነይ ግቢ።” መደቡ ላይ አስቀመጧትና አጠገቧ ተቀመጡ። “እንዲያው ፋንዬ፣ ከማጥፋትሽ በፊት አይተሽው የለ? ፊቱ እንዴት ነበር?” አሉ።

ፋና ለማስታወስ ዐይኗን ጨፈነች። ጠመንጃው ወለል ብሎ ታያት፤ በሽቦ የታሰረው ሰደፉ፣ ያለቀው ማንገቻው፣ ከጋቢው በላይ የወጣው አፈሙዙ። ከዚያ በላይ ምንም አልነበረም። ሚኒባሱ ውስጥ ዐይኗ ከጠመንጃው አልተነቀለም፤ ፊታቸውን አላየችውም።

“ፈገግ ብለው ነበር” አለች።

“እሱ እኮ ጥርሱን አያሳይም። ከንፈሩን ገጥሞ ነበር የሚስቅ። እንደዚያ ነበር?”

“እንደዚያ ነበር” አለች ፋና። ቀና ብላ ልታያቸው ግን አልቻለችም።