ሁዳዴን የማይጾሙ ባክቴሪያዎች

"ሥራሽ ምንድነው?" ለሚለኝ ሁሉ "አርቢ ነኝ" እላለሁ። ዶሮ ይመስላቸዋል። እኔ የማረባው ባክቴሪያ ነው። ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጓሮ ክዳን ያለው ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ አለኝ። ከማቅለሚያ ክፍሉ የሚወጣው ቀይና ሰማያዊ ውሃ እዚያ ይገባል፤ በዓይን የማይታዩት ከብቶቼ ቀለሙን ይሰባብሩታል። ከዚያ ውሃው አየር በሚነፋበት ሁለተኛ ገንዳ አልፎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ይህንኑ ነው። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ለጎረቤት "ልጄ የፋብሪካ ፍሳሽ ትጠብቃለች" ነው የምትለው። ትበል።

ከፋብሪካው በታች፣ ወንዙ ዳር፣ የአባቴ መሬት አለ። ገንዳው ከመሠራቱ በፊት ወንዙ ፋብሪካው በዕለቱ የነከረውን ቀለም ይዞ ይወርድ ስለነበር፣ አባቴ ላሞቹን ለማጠጣት ጉብታውን ዞሮ ሌላ ምንጭ ድረስ ይነዳቸው ነበር። በእሱ ዕድሜና በእሱ ጉልበት ያ መንገድ ቅጣት ነው። ገንዳው በደንብ መሥራት ሲጀምር፣ የሚወጣውን ውሃ ደጋግሜ ከለካሁ በኋላ፣ አንድ ቀን "አባዬ፣ አሁን ከወንዙ አጠጣቸው" አልኩት። ማስረጃ አልጠየቀኝም። በማግሥቱ ላሞቹን ወደ ወንዙ አወረዳቸው። ስመረቅ እንኳ የዚያን ቀን ያህል አልኮራሁም።

በሁዳዴ ጨርቃችንን የሚገዙ ሰዎች ፋብሪካውን ሊጎበኙ ነው ተባለ። እኔ ቡራዩ የአክስቴ ቤት ለቅሶ ነበርኩ። ስመለስ የገንዳው ጠርዝ ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ዙሪያውን አበባ ተደርድሮ አገኘሁት። ገንዳው ሲሠራ የሚሸተው ሽታ የለም። ሮጥኩ። ክዳኑን ስከፍት በረኪና አፍንጫዬን መታኝ። የጽዳት ሠራተኞቹ በየጀሪካኑ እያመጡ ገልብጠውበታል። እነሱን ምን እላቸዋለሁ? የሚሸት ነገር ሲያዩ በረኪና ጨምሩበት ተባሉ፣ ጨመሩ። ውሃው ላይ አንዲት አረፋ አልነበረችም። ባክቴሪያዎቼ ሁሉ አልቀዋል። ከንዴቴ ብዛት እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ሥራ አስኪያጁ ግን ደስ ብሎታል። እንግዶቹ ፎቶ ተነስተው፣ አመስግነው ሄደዋል።

"ሽታው ጠፋልን አይደል?" አለኝ።

"ጠፋ። ውሃውን የሚያጠሩት ስለሞቱ ነው።"

"እንግዲያው ቶሎ ሌላ አምጪ። እስከዚያ የማቅለሚያውን ውሃ በማጠራቀሚያው እናቆየዋለን። ማጠራቀሚያው ከሞላ ግን ወደ ወንዙ እለቀዋለሁ። ትዕዛዝ አለብን፤ ማሽን አይቆምም።"

"ከወንዙ ላም የሚያጠጡ ሰዎች አሉ።"

"ለጥቂት ቀን ነው።"

"ላም ለጥቂት ቀን ውሃ አይጠማትም?" አልኩት።

ማታ አባቴ ጋ ሄድኩ። "አባዬ፣ ላሞቹን ለጊዜው ወደ ምንጩ መልሳቸው" አልኩት።

"ኢንታላ ኮ፣ ውሃው ተበላሸ እንዴ?" አለኝ። ልጄ ሆይ ማለቱ ነው፤ ሲጨንቀው በኦሮምኛ ነው የሚጠራኝ።

"ገና አልተበላሸም። እንዳይበላሽ እየታገልኩ ነው።"

በትሩን አንስቶ ወጣ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የሞተ ገንዳ ዘር ይፈልጋል። ገላን ሌላ ፋብሪካ የምትሠራ የክፍል ጓደኛዬ ከእነሱ ገንዳ ዝቃጭ ልትሰጠኝ ፈልጋ አለቆቿ ከለከሏት። የቀረኝ ፈርስ ነበር። የከብት ሆድ ውስጥ ያለው ፈርስ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች የሚርመሰመሱበት ነው። ግን በሁዳዴ ማን ያርዳል? ሥጋ ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል። በፋሲካ ቢሆን ኖሮ ከየቅርጫው ተርፎ የሚደፋውን በሰፈር ብቻ ባልቻልኩት።

መላ ያገኘልኝ ከደቡብ የመጣው የጥገና ሠራተኛችን ነው። "እህቴ፣ ቅዳሜ ዓለም ገና የቸርቻችን ልጅ ሰርግ አለ። በሬ ይታረዳል። እኛ ሥጋውን እንጂ ፈርሱን ምን እናደርገዋለን?" አለኝ። ላቅፈው ምንም አልቀረኝ።

እናቴ ስትሰማ ጮኸች። "በሁዳዴ! ጴንጤ ያረደውን!"

"ሥጋውን አልነካም እማዬ። የምፈልገው የሚደፋውን ነው።"

"ሰው ምን ይላል?"

"የፈለገውን ይበል! እኔ እጾማለሁ፤ ባክቴሪያዎቼ ግን አይጾሙም።"

ቅዳሜ ሰው በሱፍና በቀሚስ ሲያጌጥ እኔ በቦቲ ጫማና በጓንት ሰርግ ቤት ገባሁ። ከድንኳኑ ጀርባ ትኩሱን ፈርስ በጀሪካን ሞላሁ፤ አየር እንዳይገባው ክዳኑን ጥርቅም አደረግኩ፤ እንዳይቀዘቅዝ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። የሙሽራዋ እናት አይተውኝ አልሳቁብኝም። "ጾመኛ ነሽ አሉ" ብለው ለብቻዬ ሽሮ አሠርተው አመጡልኝ። ያን ሽሮ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ጀሪካኑን የጫንኩበት ባጃጅ ሹፌር ግን ዓለም ገናን ሳንወጣ "እሙዬ፣ ይሄ ነገር ምንድነው?" እያለ አንገቱን በጎን አውጥቶ ነዳ። ሰበታ ስንደርስ የእናቴ ማኅበርተኛ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አዩኝ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው አማተቡ። እኔም ጮክ ብዬ "እንደምን ዋሉ!" አልኳቸው። ደግሞ ምን ሰርቄ ነው የምደበቀው?

ፈርሱን ገንዳው ውስጥ ጨመርኩ፤ የስኳር ተረፈ ምርት የሆነውን ሞላሰስ መገብኩት፤ የቀለሙን ውሃ እንደ ሕፃን ምግብ በትንሽ በትንሹ አለማመድኩት። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፤ ማጠራቀሚያው ደግሞ እየሞላ ነበር። አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ የወንዙን መልቀቂያ ሊያስከፍት ቧንቧ ሠራተኛ ይዞ መጣ። መልቀቂያው የብረት ክዳን አለው። ሄጄ ክዳኑ ላይ ቆምኩ።

"ውረጂ።"

"አልወርድም።"

"ትባረሪያለሽ!"

"ያባርሩኝ። ግን ከዚህ በር እንደወጣሁ በየገበሬው ቤት እየዞርኩ ዛሬ ምን እንደለቀቁባቸው እናገራለሁ። ለገዢዎቻችሁም እናገራለሁ።"

ቧንቧ ሠራተኛው መፍቻውን ይዞ ወደ ሰማይ ያያል። ሥራ አስኪያጁ ብዙ ከተሳደበ በኋላ የማቅለሚያውን የሌሊት ፈረቃ አስቆመ። ለላሞቹ አዝኖ አይደለም፤ ገዢዎቹን ፈርቶ ነው። ለምን እንዳደረገው ግድ የለኝም፤ ውሃው ቀነሰልኝ።

ከዚያ ገንዳው ቀስ በቀስ ያጉረመርም ጀመር። አረፋው መጣ፤ ሽታውም መጣ፤ የሚወጣው ውሃ ከቀን ወደ ቀን እየገረጣ ሄዶ ጠራ። ለካሁ፤ እንደገና ለካሁ፤ ከዚያ አባቴ ጋ ደወልኩ።

"ቢሻን ቁልቁሉዳ?" አለኝ፤ ውሃው ንጹሕ ነው? ያኔ ሳይጠይቅ ያመነኝ አባቴ አሁን ጠየቀኝ።

"ኤዬ አባዬ። ንጹሕ ነው።"

ከፋሲካ በኋላ ገዢዎቹ ተመልሰው መጡ። የጽዳት ሠራተኞቹ በዋዜማው በረኪና ይዘው ሲመጡ ከገንዳው በር መለስኳቸው፤ እነሱም ተገላገሉ መሰለኝ፣ እየሳቁ ሄዱ። እንግዶቹ ጓሮ ሲደርሱ መሀረባቸውን አወጡ። ከመካከላቸው አንዲት የአገራችን ሴት አፍንጫዋን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

"ይህን ሽታ የሚያጠፋ ነገር የለም እንዴ?"

ሥራ አስኪያጁ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

"አለ" አልኳት። "ባለፈው ስትመጡ ጨምረንበት ነበር። ዛሬ ግን ከታች አባቴ ላሞቹን እያጠጣ ነው።"