ፀሐይ ያልመታው የባትሪ ድንጋይ

ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው እንደ ዛገ ብረት የሚኮመጥጥ ሽታ ያወጣል። ሰሞኑን ደባርቅ ገበያ፣ በአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ደጃፍ ሳልፍ ይኸው ሽታ አፍንጫዬ ገባና እግሬ እዚያው ቆመ።

አባቴ ጨርቅና ሳሙና በበቅሎ ጭኖ፣ የሊማሊሞን ገደል ቁልቁል እየወረደ ዛሪማ የሚነግድ ሰው ነበር። የሚነሣው ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ገና ሳይነጋ ስለነበር፣ ገደሉን የምታሳየው አንዲት የእጅ ባትሪ ብቻ ነበረች። አዲስ ድንጋይ እንደልብ አይገኝምና፣ የደከመውን አውጥቶ ፀሐይ ማስመታት የኔ ሥራ ነበር።

በበጋ ሥራው ደስ ይለኝ ነበር። ሦስቱን ድንጋዮች ቆርቆሮ ላይ ደርድሬ፣ ጥላ በመጣ ቁጥር እያሸሸሁ፣ እያገላበጥሁ እውል ነበር። እናቴ ከጓዳ ብቅ እያለች «ይቺ ልጅ ዛሬም እንደ ዶሮ ታቅፋ ዋለች፤ መቼ ይሆን የምትፈለፍለው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አባቴ ሲመለስ አንድ በአንድ እያነሣ ጉንጩ ላይ ያስጠጋና፣ ትኩስ ከሆነ «ጠጥቷል» ይል ነበር። እኔም ሙቀቱ ራሱ ብርሃን ይመስለኝ ነበር።

ክረምት ሲገባ ግን ጉሙ ከሊማሊሞ እየወጣ ደባርቅን ይውጣት፣ ፀሐይም ሳምንት ሙሉ ትጠፋ ነበር። በአንዱ ክረምት፣ አባቴ ነገ ገበያ ሊወርድ፣ ድንጋዮቹ ቀኑን ሙሉ ቀዝቅዘው ዋሉብኝ። ባዶ እጄን መቅረብ ፈርቼ፣ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ምድጃው ዳር ትኩስ አመድ ውስጥ ቀበርኋቸው። አባቴ መጥቶ ጉንጩ ላይ አስጠጋቸው።

«ፀሐይ አገኘሽላቸው እንዴ፣ ዘይነብ?»

«አዎ አባዬ፣ ከሰዓት ትንሽ ወጥታ ነበር።»

«እኔ የት ሆኜ ነው ያላየኋት» አለና እየሳቀ ባትሪዋ ውስጥ ከተታቸው። ሲያበራት ደህና መሰለች።

በማግሥቱ አልተመለሰም። እናቴ ከደጅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ደጅ ስትል፣ እኔ የአመዱን ነገር ለማንም ሳልናገር ጥግ ይዤ ዋልሁ። በሦስተኛው ቀን በሰው ትከሻ ተደግፎ፣ ያለ በቅሎው መጣ። ባትሪዋ ሁለተኛው ኩርባ ሳይደርስ ጠፍታበት፣ በቅሎዋ በጉሙ ውስጥ መንገዱን ስታ ከነጭነቷ ገደል ገብታ፣ እሱም ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ፣ ቁጥቋጦ ይዞ መንገደኛ እስኪያገኘው ተቀምጦ ነበር።

አልተቆጣኝም። አጠገቡ ጠርቶኝ ባትሪዋን ፈታና ድንጋዮቹን መዳፌ ላይ አራገፋቸው፤ ደቃቅ አመድም አብሮ ወረደ። እናቴ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ከሌለ የለም በይኝ። የለም ብትይኝ እኮ እቀር ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ሳያነሣብኝ፣ እያነከሰ ኖሮ ሞተ።

ዛሬ ልጄ ሐያት በየዳ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። የመብራቱ መምጫና መሄጃ ስለማይታወቅ፣ የማዋለጃ ክፍሉን ብርሃንና የመድኃኒቱን ፍሪጅ የሚይዘው፣ ሶላሩ ቀን የሰበሰበውን ፀሐይ የሚያጠራቅም፣ ሣጥን የሚያህል ባትሪ ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም፣ የሣጥኑን ነገር አላውቀውም፤ ግን እፈራለሁ። ጉም በወረደ ቁጥር እደውልና «ስንት ይላል?» እላታለሁ።

«ሰማንያ በመቶ፣ እማ። አንቺ ከባትሪው ቀድመሽ ልታልቂብን ነው» ትለኛለች።

ባለፈው ክረምት ግን አምስት ቀን ሙሉ ፀሐይ አልወጣችም። ደውዬ ስጠይቃት፣ «አሥራ ሁለት፣ እማ። ለዛሬ አይበቃም። ምጥ የጀመራትን ሴት ሳይመሽ በአምቡላንስ ወደ ደባርቅ ልከናታል» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ደጃፍ ላይ ተቀመጥሁ። ጉሙ ያው የድሮው ጉም ነው፤ ገደሉም አልተሞላም። በኛ ጊዜ ባትሪ መጥገቡ በግምት ነበር፣ ዛሬ ቁጥር ይናገራል፤ ቁጥሩን ግን ያው ሰው ነው የሚያነበው። ሐያት የኔን ፍርሃት ታውቃለች፣ እንድረጋጋ ብላ ሰማንያ ልትለኝ ትችል ነበር። እሷ ግን የሌለውን የለም አለችኝ፤ ያን ቀን ደግሜ አልደወልሁም።