የሚረዝመው የትኛው ነው?

የአዳራሹ የወሩ ዝግጅት በተለጠፈ ቁጥር መጀመሪያ የትኬት ሻጯ መስኮት ላይ የሚደርሰው ያው ሰውዬ ነው። ሸሚዙ በወጉ ተተኩሷል፤ የኮቱ ኪስ ግን በመድኃኒት ብልቃጥ አብጧል። ማን ቢዘፍን፣ ማን ቢናገር ጉዳዩ አይደለም።

«የሚረዝመው የትኛው ነው?» ይላል።

ከዚያ የኋላው ረድፍ ላይ ይቀመጥና መብራቱ ሳይጠፋ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስደዋል። «ለመተኛትማ ቤቱ ምን አነሰው?» ትላለች ሻጯ በሆዷ።

ዛሬም ጠየቃት።

«ሙዚቃው የሚቆየው አንድ ሰዓት ነው» አለችው። «የእሁዱ ተናጋሪ ግን አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ሰው እየተማረረ ነው የሚወጣው።»

ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«እህቴ እናታችንን የምትጠብቅልኝ ዝግጅቱ እስኪያልቅ ነው» አላት። «እግዜር ዕድሜ ይስጠው!»