እማዬ አህያ ላይ አልወጣም ያለችበት ደረጃ

"እኔ እንጨት ነኝ እንዴ አህያ ላይ የምጫነው?"

ዛሬ ጠዋት፣ አንዲት የግሪክ ደሴት ላይ ነው። ከወደቡ እስከ ላይኛው ከተማ ያለው ደረጃ ሽቅብ ሲያዩት ያዞራል፤ ቱሪስቱ ሁሉ አህያ ይከራያል። የቀበናዋ እናቴ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በእግሯ ተያያዘችው።

በደርግ ጊዜ አቴንስ የሚኖረው ወንድሟ "ለእረፍት ነይ፣ ደሴቶቹን ላሳይሽ" ብሏት ነበር። የመውጫ ቪዛ ነገር ልትጠይቅ ቀበሌ ስትሄድ ሊቀመንበሩ ሳቀባት።

"ለሽርሽር ከሆነ እንጦጦ ይበቃሻል!"

እሷም በእልህ እሑድ እሑድ እንጦጦን ስትወጣ ኖረች። እኛ ልጆቿንም እየጎተተች።

ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏት ቀድማኝ ወጣች። (አዎ፣ እኔ አህያ ላይ ነበርኩ። ሳቁ፣ ምን ይደረጋል።)

ስደርስ ባሕሩን ቁልቁል እያየች ላቧን ትጠርጋለች።

"ለካ ያ ሰውዬ አልከለከለኝም" አለችኝ፤ "ልምምድ ላይ ነው ያቆየኝ!"

እናንተስ ቤት፣ ያኔ "እዚሁ ይበቃሻል" ተብላ ዛሬ ያሰበችበት የደረሰች እናት አለች? ንገሩኝ እስቲ።

ግን ቶሎ በሉ፤ መውረዱም በእግር ነው ብላኛለች።